ለክፍለ ግዛቶችና ለነባር ጎሳዎች የአደገኛ ቆሻሻ ጽዳት ፕሮግራም የፌዴራል ገንዘብ አጠያየቅ፦ ከዝግጅት እስከ ሪፖርት

ይህ መመሪያ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢፒኤ) ሰርክላ በተባለው የፌዴራል ሕግ አንቀጽ 128(ሀ) መሠረት በየዓመቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ይመለከታል። ተቀባዮቹ ክፍለ ግዛቶች፣ ነባር የአሜሪካ ጎሳዎች፣ እንደ ጉዋምና ፖርቶ ሪኮ ያሉ ግዛቶች እንዲሁም ዋሽንግተን ዲሲ ናቸው። ገንዘቡ በውድድር አይሰጥም፤ አንዱ ጠያቂ ሌላውን በነጥብ መብለጥ አይጠበቅበትም። ሆኖም ብዙ ጥያቄዎች ይዘገያሉ፣ ይቀነሳሉ ወይም ለእርማት ይመለሳሉ፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ቅደም ተከተሉ መሳቱ ነው። የሕዝብ መዝገብ ሳይከፈት የሥራ ዕቅድ ይላካል፣ የጥራት ማረጋገጫ ሰነድ ሳይጸድቅ አፈር ይቆፈራል፣ የመንግሥት ምዝገባው ጊዜ ማለፉም የሚታወቀው በማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተጻፉበት ተራ ይከተሉ፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

ደረጃ 1፦ የገንዘብ መስመሩ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ

ብክለትን የሚመለከቱ የፌዴራል የገንዘብ መስመሮች ብዙ ስለሆኑ ጥያቄው ከመጻፉ በፊት ቦታው በየትኛው እንደሚወድቅ መለየት አለበት። በሱፐርፈንድ (እጅግ የተበከሉ ቦታዎችን በሚያጸዳው የፌዴራል ፕሮግራም) ብሔራዊ የቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ የገባ ቦታ በዚህ ገንዘብ አይጸዳም፤ በዚያ ፕሮግራም ኢፒኤ ለሚያካሂደው ዘላቂ ጽዳት ክፍለ ግዛቱ ቢያንስ 10 በመቶ ወጪ ይጋራል፣ ጎሳዎች ግን ከዚህ ድርሻ ነፃ ናቸው። አደገኛ ቆሻሻ የሚያመነጩና የሚያከማቹ ድርጅቶችን ለመፍቀድና ለመቆጣጠር የሚውለው ገንዘብ ደግሞ ሪክራ ከሚባለው ሕግ የሚመጣ ሲሆን፣ በዚያ መስመር ክፍለ ግዛቱ 25 በመቶውን ከራሱ ይሸፍናል።

አንቀጽ 128(ሀ) የሚደግፈው ፕሮግራሙን ራሱን ነው፦ ባለሙያ መቅጠርን፣ የተበከሉ ቦታዎችን መመዝገብን፣ የጽዳት ሕግና ደንብ ማዘጋጀትን፣ ሕዝብን ማሳተፍንና በተወሰነ መጠን አንዳንድ ቦታዎችን መመርመርና ማጽዳትን። የራስ መዋጮ አይጠየቅም፤ ገንዘቡን ለተዘዋዋሪ ብድር ፈንድ፣ ማለትም ለጽዳት እየተበደረና ሲመለስ እንደገና ለሚበደር ገንዘብ፣ ማቋቋሚያ ካዋሉት ብቻ 20 በመቶ ይጠየቃሉ።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል በናቫሆ ብሔር ምድር ማየት ይቻላል። በዚያ ያሉት ከ500 በላይ የተተዉ የዩራኒየም ማዕድን ጉድጓዶች በዋነኛነት በሱፐርፈንድ ሥልጣንና በኩባንያዎች የዕርቅ ገንዘብ የሚያዙ ናቸው፤ የአንድ ጎሳ የ128(ሀ) ዓመታዊ ድርሻ እንዲህ ያለውን ሸክም አይችልም። በአንጻሩ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ፣ አስቤስቶስ ያለበት ባዶ ትምህርት ቤት፣ ሕገወጥ የቆሻሻ መጣያ ወይም ሜታምፌታሚን የተቀመመበት ቤት የዚህ ገንዘብ ተገቢ ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ ብቁነትዎን በሰነድ ያሳዩ

ክፍለ ግዛት ወይም ጎሳ ብቁ የሚሆነው ከሁለት በአንዱ መንገድ ነው። አንደኛው በፈቃደኝነት ጽዳት ፕሮግራም ላይ ከኢፒኤ ጋር የተፈረመ የመግባቢያ ስምምነት መኖር ነው። ሁለተኛው ሕጉ የዘረዘራቸውን አራት መሠረታዊ ነገሮች ማሟላት፣ ወይም ለማሟላት ተጨባጭ እርምጃ እየወሰዱ መሆንን ማሳየት ነው። አራቱም እነዚህ ናቸው፦

1. በክልሉ ውስጥ ያሉትን ብራውንፊልድ ቦታዎች፣ ማለትም በብክለት ወይም በብክለት ጥርጣሬ ምክንያት መልሶ መጠቀም ያስቸገሩ ቦታዎችን፣ በወቅቱ መቃኘትና መመዝገብ፤
2. ጽዳቱ ሕግን ተከትሎ መካሄዱን የሚያስጠብቅ የቁጥጥርና የማስፈጸም ሥልጣን እንዲሁም አቅም፤
3. ሕዝብ በትክክል የሚሳተፍበት አሠራር፤
4. የጽዳት ዕቅድ የሚጸድቅበት፣ ጽዳቱ ሲያልቅም ተረጋግጦ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት አሠራር።

«ተጨባጭ እርምጃ» የሚለው በተለይ ለአነስተኛ ጎሳዎች ትልቅ ዕድል ነው። የራሱ የጽዳት ሕግ የሌለው ጎሳ ሕጉን እስኪያወጣ ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ ሕጉን ማርቀቅ ራሱ በገንዘቡ የሚሠራ ሥራ ነው። ነገር ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ያው ዓረፍተ ነገር ከቀዳሚው ዕቅድ ተገልብጦ ከቀረበ እርምጃ መወሰዱን የሚያምን አይገኝም። በየዓመቱ ምን እንደተጨመረ ያሳዩ፦ ረቂቁ ለጎሳው ምክር ቤት ቀረበ፣ አስተያየት ተሰበሰበበት፣ በውሳኔ ጸደቀ።

በአላስካ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰርክላ ትርጉም መሠረት የአላስካ ነባር መንደር እንደ ጎሳ ይቆጠራል፤ የክልልና የመንደር ኮርፖሬሽኖች ግን አይካተቱም። ማመልከቻው በኮርፖሬሽኑ ስም እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 3፦ ምዝገባዎቹን ቀድመው ይጨርሱ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ቢሆንም ሥራውን በሙሉ ሊያስቆም ይችላል። ድርጅቱ ሳም ዶት ጎቭ በተባለው የፌዴራል መንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ መመዝገብና ዩኢአይ የተባለውን መለያ ቁጥር ማግኘት አለበት፤ ይህ ቁጥር ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የቀድሞውን የደንስ ቁጥር ተክቷል። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ከዚያ ግራንትስ ዶት ጎቭ በተባለው የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ድረ ገጽ ማመልከቻ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ይሰየማል፤ ሥልጣኑን የሚሰጠው በሳም ላይ የተመዘገበው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ተጠሪ ነው።

*ችግር ሲፈጠር፦* የማረጋገጫ ሥርዓቱ ድርጅቱን «አላውቀውም» ብሎ ከመለሰው፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ በሳም ላይ የተጻፈው ስምና አድራሻ ከግብር መዝገቡ ወይም ከማቋቋሚያ ሰነዱ ጋር አለመመሳሰሉ ነው። አዲስ ምዝገባ አይክፈቱ፤ ሁለት መዝገብ ሲኖር ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። በዚያው ጥያቄ ላይ ሕጋዊውን ስምና አድራሻ የሚያሳይ ሰነድ ያያይዙ። የንግድ ተጠሪው ሥራ ለቆ ከሆነም መተኪያው በድርጅቱ ደብዳቤ የሚፈጸምና ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ይህን ከማመልከቻው ወራት በፊት ያጣሩ።

ደረጃ 4፦ የሕዝብ መዝገቡን ይክፈቱ

ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጥ የሚዘነጋው ይህ ነው። ሕጉ የገንዘቡ ተቀባይ ሁሉ የሕዝብ መዝገብ እንዲኖረውና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያድሰው ያስገድዳል፤ የኢፒኤ የክልል ጽሕፈት ቤትም የዓመቱን የሥራ ዕቅድ ከመደገፉ በፊት መዝገቡ መኖሩንና መታደሱን ያረጋግጣል።

የሕዝብ መዝገብና የቦታዎች ቆጠራ አንድ አይደሉም። ቆጠራው የተጠረጠሩ ቦታዎችን ሁሉ የሚይዝ የቢሮው የሥራ ዝርዝር ነው። የሕዝብ መዝገቡ ግን ባለፈው ዓመት ጽዳታቸው የተጠናቀቀ ቦታዎችን፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊጸዱ የታቀዱትን፣ እንዲሁም ጽዳቱ ሲያልቅ ቦታው ያለ ገደብ ለማንኛውም አገልግሎት ሊውል ይችል እንደሆነ ይናገራል። ገደብ ካለ፣ ለምሳሌ የከርሰ ምድር ውኃውን መጠጣት ወይም በቦታው መኖሪያ ቤት መሥራት የተከለከለ ከሆነ፣ ገደቡ በግልጽ ይጻፋል። ይህ መዝገብ እንዲሁ ለሥርዓት ተብሎ የሚያዝ ወረቀት አይደለም፤ ልጆች የሚጫወቱበት መሬት ስር ምን እንደቀረ ነዋሪው የሚያውቅበት ሰነድ ነው።

ለክፍለ ግዛቶች ሌላም ክብደት አለው። አንድ ብቁ ቦታ በክፍለ ግዛቱ ፕሮግራም እየጸዳ ሳለ ኢፒኤ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር በራሱ የማስፈጸም እርምጃ አይወስድም፤ ይህ ጥበቃ ግን የሚሠራው የሕዝብ መዝገቡን በሚይዝ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። መዝገቡ ከተጓደለ ቦታውን ሊያጸዳ የመጣው ባለሀብት መተማመኛ ያጣል።

*ችግር ሲፈጠር፦* በዓመቱ የተጠናቀቀ ጽዳት ከሌለ ገጹን ባዶ አይተዉት። የታደሰበትን ቀን፣ በዚያ ዓመት የተጠናቀቀ ጽዳት እንደሌለና የታቀዱት የትኞቹ እንደሆኑ ይጻፉ። ድረ ገጽ የሌለው ጎሳ መዝገቡን በጎሳው ጽሕፈት ቤት ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ማስቀመጥና የት እንደሚገኝ ማስታወቅ ይችላል፤ ለኢፒኤ ማስረጃ እንዲሆን ግን ቅጂውን ከዕቅዱ ጋር ይላኩ።

ደረጃ 5፦ ከመጻፍዎ በፊት የክልሉን ፕሮጀክት ኦፊሰር ያነጋግሩ

ኢፒኤ 10 የክልል ጽሕፈት ቤቶች አሉት፤ ጥያቄው የሚላከውም ለሚመለከተው ክልል ነው፣ ለምሳሌ ለኮሎራዶ ወደ ዴንቨር፣ ለካሊፎርኒያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ለዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ወደ ሲያትል። በየዓመቱ አዲስ የገንዘብ መመሪያ ይወጣል፤ የጥያቄ መቀበያው ቀን፣ የአንድ ጠያቂ ጣሪያና የዓመቱ ትኩረት የሚገኙት እዚያ ስለሆነ ባለፈው ዓመት መመሪያ አይሥሩ። ስልክ ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የዚህ ዓመት ረቂቅ ዕቅድ የሚቀርብበትን ቅጽ፣ ካለፈው ስምምነት ያልተከፈለ ገንዘብ ምን ያህል ሆኖ እንደሚታይ፣ እና ቀድሞ የቀረበው ሪፖርት የተከፈተ ጥያቄ እንዳለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ይወስናል። ኢፒኤ ድልድሉን ሲሠራ ያልተጠቀሙበትን የቀድሞ ገንዘብ ያያል። የመሠረተ ልማት ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2026 ላሉት የበጀት ዓመታት ለዚህ ፕሮግራም 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም በዓመት 60 ሚሊዮን፣ መድቦለታል፤ ሆኖም ይህ በመላ አገሪቱ ላሉ ጠያቂዎች የሚከፋፈል ስለሆነ ያልነካው ገንዘብ ያለው ቢሮ ተጨማሪ ሲጠይቅ አጥጋቢ ማብራሪያ ሊኖረው ይገባል።

ደረጃ 6፦ የሥራ ዕቅዱን በአራቱ ነገሮች ላይ ይገንቡ

ዕቅዱን በሠራተኞች ወይም በወራት አይከፋፍሉት። በአራቱ መሠረታዊ ነገሮችና በሕዝብ መዝገቡ ይከፋፍሉት፤ በእያንዳንዱ ስር ሥራውን፣ የሚሠራውን ሰው፣ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ፣ ወጪውንና የሚገኘውን ውጤት ያስቀምጡ። «የቦታ ቆጠራ እናሻሽላለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ገምጋሚው ሊለካው አይችልም። «የአምስት የተዘጉ ነዳጅ ማደያዎች ታሪክ ተጣርቶ፣ የመሬት ባለቤትነታቸው ተለይቶ እስከ ሰኔ ወደ ቆጠራው ይገባሉ» የሚለው ግን ይለካል።

በጎሳ ምድር የመሬት ባለቤትነትን መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ጊዜና ገንዘብ ይመድቡለት። አንዱ መሬት በፌዴራል መንግሥት ባለአደራነት ለጎሳው የተያዘ፣ አጠገቡ ያለው የግል፣ ሦስተኛው ደግሞ በትውልድ ተከፋፍሎ በብዙ ወራሾች ስም የቆመ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ዓይነት መሬት ላይ ለመግባት ፈቃድ ማግኘት ወራት ይፈጃል፤ ይህን ያላገናዘበ ዕቅድ ባለሙያው ሥራውን ሳይጀምር የበጋው ቁፋሮ ወቅት ያልፍበታል።

ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ሲጽፉ «ስብሰባ እንጠራለን» ብለው አይለፉት። ሕጉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕዝቡ ሰነዶቹን ማየት እንዲችል፣ የጽዳት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ማስታወቂያና የአስተያየት ጊዜ እንዲኖር፣ እንዲሁም በብክለት የተጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ሰው በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት አካባቢ ያለ ቦታ እንዲመረመር ማመልከት የሚችልበትና ተገቢ ምላሽ የሚያገኝበት መንገድ። ሦስተኛው መብት ብዙ ነዋሪ አያውቀውም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የልብስ ንጽሕና ቤት የነበረበትን ቦታ ሊከራዩ ወይም ሊገዙ የሚያስቡ ወገኖቻችን ይህን አሠራር ከየአስተዳደራቸው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ፕሮግራሙን የሚመሩት ደግሞ ማመልከቻው ነዋሪው በሚረዳው ቋንቋ መቅረቡን በዕቅዳቸው ውስጥ ቢያስቡበት ተገቢ ነው።

ደረጃ 7፦ በጀቱን ከዕቅዱ ጋር ያመሳክሩ

የመጀመሪያው ሕግ የቦታ ጣሪያው ነው፦ በተናጠል ቦታዎች ላይ ለሚደረግ ምርመራና ጽዳት ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ ማዋል አይቻልም። ለምሳሌ 120,000 ዶላር የጠየቀ ጎሳ በተናጠል ቦታዎች ላይ ሊያወጣ የሚችለው ቢበዛ 60,000 ነው፤ የቀረው ለፕሮግራሙ ግንባታ ይውላል። ለአንድ ቦታ የሚፈቀደው ጣሪያ ከዓመቱ መመሪያ ይታያል። የትኛው ወጪ በቦታ ሥራ እንደሚቆጠር የሚያጠራጥር ከሆነ ከማስገባትዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በኋላ በኦዲት ከሚመጣ ክርክር የአንድ ቀን ኢሜል ይሻላል።

ሁለተኛው ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ነው፤ ይኸውም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የማይቆጠር የድርጅቱ የጋራ አስተዳደራዊ ወጪ ነው። ጎሳዎች አብዛኛውን ጊዜ መጣኔያቸውን የሚደራደሩት ከአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የኢንቲሪየር ቢዝነስ ሴንተር ጋር ነው። ወቅታዊ ስምምነት የሌለው ተቀባይ ዝቅተኛውን አጠቃላይ መጣኔ መጠቀም ይችላል፤ ይህም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። መጣኔው ግን በጠቅላላው በጀት ላይ አይሰላም፤ በተስተካከለው ቀጥተኛ ወጪ ላይ ነው፣ ከዚያም ውስጥ የዕቃ መሣሪያ ግዢና በየንዑስ ድጋፉ (ተቀባዩ ለሌላ ድርጅት በሚያስተላልፈው ገንዘብ) ከ50,000 ዶላር በላይ ያለው ክፍል ይቀነሳል።

ሦስተኛው ጉዞ ነው። ማን፣ የት፣ ለምን፣ ስንት ሌሊት የሚለው ካልተጻፈ ይህ መስመር ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

*ችግር ሲፈጠር፦* የተፈቀደው ገንዘብ ከጠየቁት ካነሰ ሁሉንም መስመር በእኩል መጠን አይቀንሱ። ግማሽ ባለሙያና ግማሽ የምርመራ ውል ምንም አያስጨርሱም። የሕዝብ መዝገቡንና ሠራተኛውን ያስቀድሙ፤ ከተናጠል ቦታዎች አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀጣዩ ዓመት ያስተላልፉ፤ ከዚያ የግማሹን ጣሪያ እንደገና ያስሉ፣ ምክንያቱም ጠቅላላው ሲቀንስ ጣሪያውም ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ ማመልከቻውን ያስገቡ

ለክልሉ የላኩት ረቂቅ ማመልከቻ አይደለም። ድልድሉ ከታወቀና ዕቅዱ ላይ ከተስማሙ በኋላ የመጨረሻው ማመልከቻ በፕሮግራም ቁጥር 66.817 ስር በግራንትስ ዶት ጎቭ ይገባል። ዋናውን የማመልከቻ ቅጽ ኤስኤፍ-424ን፣ የበጀት ቅጹን ኤስኤፍ-424ኤን፣ የሲቪል መብቶች ቅጹን 4700-4ን፣ የተጠሪዎች ቅጹንና የጸደቀውን የሥራ ዕቅድ ያያይዙ። በኤስኤፍ-424፣ በበጀት ቅጹና በዕቅዱ ላይ ያሉት ድምሮች እስከ አንድ ዶላር ድረስ መመሳሰል አለባቸው። ካስገቡ በኋላ የመቀበያ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ «ተረጋግጧል» የሚለው መልእክት እስኪመጣ ይጠብቁ። «ስሕተት ስላለበት ውድቅ ሆኗል» የሚል ከመጣ የማያያዣዎቹን ስም ከልዩ ምልክቶች ያጽዱና እንደገና ያስገቡ፤ ለዚህም ቢያንስ የሦስት ቀን ትርፍ ይኑርዎ።

ደረጃ 9፦ መሬት ከመቆፈሩ በፊት

ስምምነቱ ተፈረመ ማለት ቁፋሮ ተፈቀደ ማለት አይደለም። በየቦታው አራት ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

1. *ቦታው ብቁ ነው?* በብሔራዊ የቅድሚያ ዝርዝር ያለ፣ በፌዴራል የጽዳት ትእዛዝ ስር ያለ፣ ወይም የፌዴራል መንግሥት ንብረት የሆነ ቦታ በመሠረቱ ብራውንፊልድ አይባልም። ለጎሳ በባለአደራነት የተያዘ መሬት ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው፤ ስለዚህ «የፌዴራል መሬት ነው» ተብሎ ብቻ ከዝርዝር እንዳይወጣ ይከራከሩ።
2. *ተቀባዩ ራሱ ተጠያቂ ነው?* ክፍለ ግዛቱ ወይም ጎሳው በሕጉ አንቀጽ 107 ለብክለቱ ተጠያቂ ሊሆን የሚችልበትን ቦታ በዚህ ገንዘብ መመርመርም ሆነ ማጽዳት ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልገጠሙ በቀር አይፈቀድም።
3. *የጥራት ማረጋገጫ ዕቅዱ ጸድቋል?* ናሙና የሚወሰድበት ዘዴ፣ ላቦራቶሪውና የመረጃው አጠባበቅ የተጻፈበት ይህ ዕቅድ ኢፒኤ ሳያጸድቀው የሚሰበሰብ የአፈርም ሆነ የውኃ ናሙና ወጪው ላይከፈል፣ ውጤቱም ላይታመን ይችላል። ማጽደቁ ሳምንታት ስለሚወስድ ከኮንትራክተሩ ቅጥር ቀጥሎ የመጀመሪያ ሥራ ያድርጉት።
4. *የመግቢያ ፈቃድ በጽሑፍ አለ?* የቃል ፈቃድ ባለቤቱ ሲለወጥ ዋጋ የለውም።

*ችግር ሲፈጠር፦* ዕቅዱ ሳይጸድቅ ናሙና ከተወሰደ አይደብቁት፤ ለፕሮጀክት ኦፊሰሩ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ያንን ወጪ ከክፍያ ጥያቄ ያውጡ፣ ናሙናው ከጸደቀ በኋላ እንደገና ይወሰድ። ሰው ጤናውን የሚያምንበት ውጤት ከጥርጣሬ ነፃ መሆን አለበት።

ደረጃ 10፦ ገንዘቡን በጊዜው ይጠቀሙ፣ ሪፖርቱን በጊዜው ይላኩ

ክፍያ የሚጠየቀው አሳፕ በሚባለው የግምጃ ቤት ሥርዓት ነው። ወጪው እንደወጣ በየጊዜው ይጠይቁ፤ ዓመቱን ሙሉ ከጎሳው ካዝና እያወጡ በመጨረሻ አንድ ጊዜ መጠየቅ ሥራው ያልተጀመረ ያስመስላል፣ በደረጃ 5 የተነሳው ያልተከፈለ ገንዘብም የሚከማቸው እንዲህ ነው። ምርመራ ወይም ጽዳት የተደረገባቸው ቦታዎች መረጃ ኤከርስ ወደተባለው የኢፒኤ መረጃ ቋት ይገባል፤ ይህን ለኮንትራክተር ቢሰጡትም ያስገባውን መፈተሽ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

የሂደት ሪፖርቱን በሥራ ዕቅዱ ቁጥሮች ተራ ይጻፉ፦ የታቀደው፣ የተሠራው፣ ያልተሠራበት ምክንያት። ባለሙያ በመልቀቁ አንድ ሥራ ከቆመ ሪፖርቱ እስኪደርስ አይጠብቁ። የስምምነቱ ጊዜ እንዲራዘም ወይም ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወር የሚጠየቀው ስምምነቱ ገና ክፍት ሳለ ነው። ስምምነቱ ካበቃ በኋላ የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ኤስኤፍ-425 በ120 ቀናት ውስጥ ይቀርባል፤ ያልተከፈለ የኮንትራክተር ደረሰኝ ካለ ከዚህ ቀን በፊት መዘጋት አለበት። ድርጅቱ በበጀት ዓመቱ ከሁሉም የፌዴራል ምንጮች ያወጣው ድምር 1,000,000 ዶላር ከደረሰ፣ የበጀት ዓመቱም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ የጀመረ ከሆነ፣ አጠቃላይ ኦዲት ግዴታ ነው፤ ከዚያ በፊት ለጀመሩ ዓመታት ወለሉ 750,000 ዶላር ነበር።